ጭራው እስኪያልፍ

ጋሼ ግራም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሚዛን ሲመረምሩ ኖረው በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። ማኅተም ያለበት ክብደት በቦርሳ ይዘው ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የነጋዴውን ሚዛን ይፈትኑ ነበር፤ ከጎደለ ያሽጋሉ። በሥራ ላይ ቀልድ አያውቁም። «ሻይ ልጋብዝዎ» ያላቸውን ነጋዴ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ይፈትኑበታል፤ ደህና ሚዛን ያለው ሰው ሻይ አያባክንም ባይ ናቸው። «ግራም» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሥጋ ሻጮች ሲሆኑ ያወጡትም ለስድብ ነበር። እሳቸው ግን ወደዱት። ዛሬ የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው የጡረታ ቢሮው ብቻ ነው።

ከሚስታቸው ቀጥሎ የሚወዱት ነገር ብስክሌት ነበር፤ ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ይህን ቅደም ተከተል ስትጠራጠረው ኖራለች። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሰዓት ሠሪ ጓደኛቸው ጋር ሆነው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለአራት ቀን መኪና በማይገባበት መንገድ የሚጓዝ ቡድን አቋቋሙ። መንገዱን ሁለቱ ናቸው በእግራቸው ፈልገው ያገኙት። በወንዙ ዳር ዳር ይሄድና ሣሩ ጉልበት በሚደርስበት ለምለም መስክ ያልፋል፤ ከዚያ ጫካ ይገባል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ጥሩምባ የለም፣ ጭስ የለም፣ «ዞር በል አንተ ሽማግሌ» የሚል ሾፌር የለም። ከተማ ውስጥ ጋሼ ግራም አስፋልት ሲሻገሩ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው አይጠፋም። እዚያ መስክ ላይ ግን ሣሩም ውሃውም ስንት ዓመትዎ ነው ብሎ አይጠይቃቸውም። ሰባ ስድስት ነው።

እንግዲህ ሚዛን መርማሪ ቡድን አቋቁሞ ሕግ ሳያወጣ አይቀርም። ሕጎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ስልክ የሚይዙት ፊት የሚሄደው መሪና መጨረሻ የሚመጣው ሰው ብቻ ናቸው፤ የሌላው ሰው ስልክ ተዘግቶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ መንገድ በሚለያይበት መገንጠያ ሁሉ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ከብስክሌቱ ወርዶ ይቆማል። ይህ ሰው «ምሰሶ» ይባላል። ምሰሶው እጁን ዘርግቶ ለሚመጣው ሁሉ መንገዱን ያሳያል። ቢጫ ሰደርያ የለበሰው የመጨረሻው ሰው፣ ማለትም «ጭራው»፣ እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ዝናብ ቢመጣ አይልም፣ ጅብ ቢመጣ አይልም። ጭራው ሲደርስ ግን ከፊቱ ገብቶ ይቀጥላል። በዚህ አሠራር ካርታ አንብቦ የማያውቅ ሰው እንኳ አይጠፋም። «ጭራው ከገባ ሁሉ ገባ» ይባላል በቡድኑ ውስጥ፤ ስለዚህ ማደሪያ ሲደርሱ ሰው የሚቆጥር የለም፣ ቢጫው ሰደርያ መግባቱን ማየት ይበቃል።

ሦስተኛው ሕግ አጭር ነው። ምሰሶውን መገንጠያ ላይ ረስቶ የገባ መሪ በአንገቱ ያንጠለጠለውን የመሪነት ፊሽካ ያስረክባል፤ ሁለተኛም አይመራም።

ይህ ሕግ የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሠራውም በሰዓት ሠሪው ላይ ነው። የዚያን ዓመት ጭራው ታሞ ከመንገድ ሲመለስ፣ ሰዓት ሠሪው አንዲት ታይፒስት መገንጠያ ላይ ማቆሙን ረስቶ ገባ። አርባ ደቂቃ በዝናብ ቆመች። ጋሼ ግራም በሰው ሁሉ ፊት «ፊሽካውን» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሰዓት ሠሪው አንገቱን አቀርቅሮ ፊሽካውን አወለቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ብስክሌት ላይ አልወጣም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙም ሰላምታው ከአንገት በላይ ሆነ። ጋሼ ግራም ትክክል ነበርኩ ይላሉ እስከ ዛሬ። ትክክልስ ነበሩ፤ ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ አብሯቸው ካርታ የሚጫወት ሰው የለም።

ፊሽካው አሁን የልጃቸው ነው። አንድ ልጃቸው ናት፤ መነጽር ትሠራለች፣ ሱቅ አላት። ቡድኑን መምራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ጎበዝ ናት፣ ሰው ይወዳታል፣ እሷም መወደዱን ትወደዋለች። ጭራው ደግሞ ባሏ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እጁ የማይጠግነው ነገር የለም፣ አፉ ግን ከተከፈተ ቀኑን ጻፉት የሚባልለት ዓይነት።

ዘንድሮ ልጅና አባት ተስማምተው ነው የወጡት። ስምምነት ከተባለ። በብርዱ ወራት ጋሼ ግራም ድስት ጥደው ረስተው ጎረቤት ጭስ አይቶ ደረሰላቸው። ከዚያ ደግሞ ልጃቸውን ሁለት ጊዜ በሟች እናቷ ስም ጠሯት። ይህን አድርጎ የማያውቅ አባት ካለ ይቅረብ። ልጅ ግን ይፈራል።

«አባዬ፣ እንስማማ» አለቻቸው። «ይህን ጉዞ በሰላም ከጨረስክ ሁለተኛ አላነሳብህም። አንድ ነገር ከተሳሳትክ ግን ብስክሌቱ ይቀራል። ቤቱንም ዘግተህ እኛ ጋ ትገባለህ።»

«እናንተ ጋ የት?»

«የኋላ ክፍሉ አለ አይደል።»

የኋላ ክፍሉን ያውቁታል። የመነጽር ካርቶን የሚከመርበት፣ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ተቀምጠው ምሳ እስኪመጣላቸው ሲጠብቁ ታያቸው። «እሺ» አሉ፤ ሌላ ምን ይላሉ።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዎች ሆነው ተነሡ። ጋሼ ግራም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን እንደ አዲስ ሙሽራ ተጠነቀቁ። መነጽራቸው ከኪሳቸው፣ ውሃቸው ከቦታው፣ ጥያቄያቸው ከአፋቸው አልወጣም። አንድ ነገር ሳይሰሙ ካመለጣቸው እንኳ «ምን አልሽ?» ብለው አያስደግሙም፤ ዋጥ ነው። የልጃቸው ጓደኛ የሆነችው ነርስ ሁልጊዜ ከኋላቸው ትነዳ ነበር። እሳቸው ወዳጅነቴን ፈልጋ ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ ስምምነቱ ቡድኑ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ነርሷም ስንት ጊዜ ውሃ እንደጠጡና ስንት ጊዜ እንደተንገዳገዱ እንድታይ ታዝዛ እንደምትከተላቸው አላወቁም።

ሦስተኛው ቀን የመስኩ ቀን ነው። ከሠላሳ ዓመት ጉዞ ውስጥ ጋሼ ግራም አንድ ቀን ምረጡ ቢባሉ ይህን ነው የሚመርጡት። መንገዱ አንድ ክንድ የማይሞላ የእግር መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ ሣር፣ ከሣሩ ባሻገር ውሃ። ላሞች አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩአቸውና ተመልሰው ወደ ሥራቸው ገቡ። ማንም አያወራም። የሚሰማው የሰንሰለት ድምፅና ጎማ ሥር የሚሰበር እርጥብ እንጨት ነው፤ ከኋላ ደግሞ የዳቦ ጋጋሪው ጎማ። ዳቦ ጋጋሪው እንደ ሙያው ወፈር ያለ ሰው ስለሆነ የኋላ ጎማው ሽቦዎች ከጠዋት ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ይሉ ነበር። «ብስክሌቴ እየጸለየች ነው» ይላል ሰው ባየው ቁጥር።

ምሳ ወንዝ ዳር በሉ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ልጃቸው አጠገባቸው መጥታ ቁጢጥ አለችና «አባዬ ኮፍያህን አድርግ፣ ፀሐይ ነው» አለች። እንቁላሉን እየላጡ ስለነበር ቶሎ አላደረጉም። «ኮፍያህን!» አለች እንደገና፣ ስቃ። አደረጉ። ከዚያ ተነሥታ ሄደች።

ጫካው እንደገቡ የመጀመሪያው መገንጠያ ይመጣል። ግራው በጥዱ መካከል ዳገት ወጥቶ ወደ ማደሪያው ይወርዳል። ቀኙ ለመሄድ ያምራል፣ ሰፊ ነው፣ ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው ግን የተተወ የድንጋይ ካባ ነው፣ ገደል። ልጃቸው እጇን አነሣች። ከእሷ ቀጥለው የነበሩት ጋሼ ግራም ፍሬን ይዘው ወረዱ። ምሰሶ ሆኑ።

ደስ አላቸው፣ ምን ይደበቃል። በገደል መገንጠያ ላይ ካቆመችኝ ታምነኛለች ማለት ነው አሉ በልባቸው። ግራ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ነርሷ አለፈች፣ ሌሎቹም እየሳቁ አለፉ፤ አንዱ «ጋሼ ግራም፣ ቅጣት አለ ወይ?» ብሏቸው ሄደ። የቀሩት ዳቦ ጋጋሪውና ጭራው ብቻ ናቸው። ሰዓታቸውን አዩ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የዳቦ ጋጋሪው ጎማ ነው ብለው ገመቱ፤ አማቻቸው ደግሞ ጠግኖ ሳይጨርስ የሚነሣ ሰው አይደለም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሽንታቸው መጣ። ጥዱ ሥር በጎን ቆመው፣ ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ተገላገሉ። ሰባ ስድስት ዓመት ኖሬ እንደ ዘበኛ ልሽና ብለው ብቻቸውን ሳቁ።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ ጫካ ጠባቂ በእግሩ መጣ። ወጣት ነው፤ መጥረቢያ ይዟል።

«አባባ፣ መንገድ ጠፋብዎት እንዴ?»

«አልጠፋብኝም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«ጭራው እስኪያልፍ እየጠበቅኩ ነው።»

ሰውዬው ወደ ጫካው አየ፣ ወደ እሳቸው አየ። «የምን ጭራ?»

ጋሼ ግራም ሊያስረዱት ፈለጉ። ሕጉን ከአንደኛው ጀምረው ዘረዘሩለት። በዘረዘሩለት ቁጥር የሰውዬው ፊት ይበልጥ እያዘነ ሄደ። «ልሸኝዎት?» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «ቦታዬን አልለቅም» ሲሉት ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

አሥራ አንድ ሲሆን አንዱን እግር እያሳረፉ በሌላው መቆም ጀመሩ። ይቀመጡ ይሆን? ምሰሶ አይቀመጥም፤ ከሩቅ መታየት አለበት። ይሂዱ ይሆን? እዚህ ላይ ብዙ አሰቡ። ቢሄዱና ያ ዳቦ ጋጋሪ ደክሞት፣ ምናልባትም ቆስሎ፣ ቁልቁለቱን አይቶ ወደ ቀኝ ቢገባስ? መቆም ከተነገረው ሁሉ ጋር የሚስማማ ነው፤ መሄድ ብቻ ነው ስሕተት። እሳቸው ደግሞ በዚህ ጉዞ አንድ ስሕተት እንኳ አይችሉም። ጥርሳቸውን ነክሰው ቆሙ። ብርዱ ከመሬት ተነሥቶ በካልሲያቸው ገባ። አንድ ጊዜ የማንም ያልሆነ ሐሳብ መጣባቸው፦ ረስተውኝስ ቢሆን? አባረሩት። ልጅ አባቱን ጫካ ውስጥ አይረሳም።

አሥራ ሁለት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከግራው መንገድ፣ ከዳገቱ በኩል፣ ሁለት የብስክሌት መብራት ወረደ። ጭራ ከፊት ሲመጣ ሲያዩ ለጋሼ ግራም የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

«አባዬ!» ልጃቸው ብስክሌቷን መሬት ላይ ጥላ አቀፈቻቸው። «ምነው ዝም ብለህ አትመጣም?»

«ጭራው አላለፈም።»

«ገብቻለሁ እኮ ጋሼ» አለ አማቻቸው፣ ቢጫ ሰደርያውን በመብራቱ ብርሃን እንደ ጥፋተኛ እያየ። «የሰውዬው ጎማ ጫካው አፍ ላይ ተሰበረ። ዳገቱን አይችለውም ብዬ በወንዙ ዳር በአቋራጭ ወሰድኩት። ደውዬ ነግሬያታለሁ። ምሰሶ ካቆምሽ ሰው መልሰሽ ላኪ ስላት እሺ አለችኝ፣ እኔም ተልኳል ብዬ...»

«አሁን ተወው» አለች ሚስቱ።

ተወው። እሱ መተው ይችልበታል።

ዳገቱን ብስክሌት እየገፉ ወጡ። ጋሼ ግራም ነገሩ ሁሉ ገባቸው። ጭራው በዘጠኝ ተኩል ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ መሪዋ ስትደርስ ቢጫውን ሰደርያ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ አየች፤ ጭራው ከገባ ሁሉ ገባ። ሰው የሚቆጥር የለም፣ እንዳይቆጠር ያደረጉት ደግሞ እሳቸው ናቸው። አልተቆጡም። ቆይታ ትነግረኛለች ብለው ጠበቁ። ከጎኗ አዘገሙ፣ ነገሩ እንዲቀላት እያሰቡ «ፀሐዩ ጥሩ ነበር» እንኳ አሉ። ብስክሌቷን ፈጠን አድርጋ ገፋች።

ማደሪያው ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ምድጃው ላይ የተሰጣ ካልሲ፣ የሾርባ ሽታ ነበር። ሲገቡ ሁሉም ተነሣ። ነርሷ ብርድ ልብስ ይዛ መጣችና ትከሻቸው ላይ ጣለች። «ይቀመጡ አባባ» አለች። እስከ ትናንት ጋሼ ነበሩ። እጃቸውን ይዛ የልብ ምታቸውን ቆጠረች።

«ጫካ ጠባቂው መጥቶ ምን ቢለን ጥሩ ነው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ አፉን በሾርባ ሞልቶ። «አንድ ሽማግሌ ጫካ ውስጥ ቆሞ ጭራ እየጠበቅኩ ነው ይላል፣ የእናንተ ሰው ነው ወይ? እኛ ደግሞ ጭራችን ይኸው ሻይ ይጠጣል!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ዳቦ ጋጋሪው ሞቅ አለውና ጣቱን አነሣ። «ቆይ ቆይ፣ ማነው ምሰሶ ያረጋቸው? ሦስተኛው ሕግ አለ እኮ ጎበዝ!»

ለቀልድ ነበር ያለው። ግን ሳቁ ተቋረጠ፤ የሁሉም ዐይን የልጃቸው አንገት ላይ ወደ ተንጠለጠለው ፊሽካ ሄደ። እሷም እጇን ወደ ፊሽካው ሰደደች።

«ምሳ ላይ ነግሬው ነበር» አለች። «የዚህ ሰውዬ ጎማ ስላልጣመኝ፣ ጭራው ምናልባት በወንዝ ዳር ይሄዳል፣ እንዳትጠብቀው ብዬው ነበር። ለዚህ ነው ሰው ያልላክሁት። ረስቶት ነው።»

ጋሼ ግራም ለአንድ አፍታ ራሳቸውን መረመሩ፤ ሙያቸው ነው። ምሳውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስታወሱት። ዳቦው፣ እንቁላሉ፣ ኮፍያህን፣ ኮፍያህን። ሌላ ቃል የለም። ልጃቸው ዋሸች። አማቻቸውን አዩት፤ ሾርባውን ያማስላል። ከጫካው አፍ ስለ ደወለው ስልክ የሚያውቀውን ሁሉ ከድንቹ ጋር ያማስለዋል።

መናገር ይችሉ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ከዚያ ፊሽካው ይወልቃል፣ ብስክሌቱ ይተርፋል፣ የኋላ ክፍሉም በካርቶኑ ይኖራል። ግን ሰዓት ሠሪው መጣባቸው፣ ያ የተቀረቀረ አንገት። የልጃቸው አንገት ደግሞ የእናቷ ነው። ሆድ ይፍጀው አሉ። በኋላ ብቻችንን ስንሆን ትመጣለች፣ ትነግረኛለች፣ እኛው እናበጀዋለን። አባትና ልጅ ነን።

«አዎ» አሉ። «ነግራኛለች። ረሳሁት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ክፍሉ በሙሉ እፎይ ሲል ተሰማቸው። መሪ አጠፋች ከሚባል ሽማግሌ አረጀ ቢባል ለሁሉም ይቀላል፤ ሾርባውም አይቀዘቅዝም። ነርሷ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገች። ዳቦ ጋጋሪው ቀልዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ አፈረና የራሱን ዳቦ ቆርሶ ሰጣቸው። ልጃቸው ወደ ወጥ ቤቱ ወጣች። ጋሼ ግራም ወደ ክፍላቸው ሲያልፉ ከቆመችበት «አይዞሽ፣ ከባድ ነው» የሚሏት ሰዎች ድምፅ ይሰማ ነበር።

ክፍላቸው ገብተው በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። እንዳትቸገር ብለው ነው። የምትላቸውን ያውቁታል፤ «አባዬ ይቅር በለኝ» ነው። የሚመልሱላትንም አዘጋጅተዋል፤ «ምን አለበት፣ ሰው ይረሳል።» ደረጃው ላይ እግር በተሰማ ቁጥር ቀና አሉ። አልመጣችም። ደክሟት ነው አሉ፣ አፍራም ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ጋደም አሉ።

ንጋቱስ ጠራ። ሰማይ ላይ አንድ ደመና የለም፣ ከመስኮቱ ሥር ወንዙ ያበራል፣ ሰዎች ጎማቸውን ይነፋሉ። ጋሼ ግራም ለብሰው፣ የሱሪያቸውን እግር ጠቅልለው ጨርሰው ነበር ልጃቸውና አማቻቸው ሲገቡ። ልጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጃቸውን ያዘች። አማቻቸው በሩ ላይ ቆመ።

«አባዬ» አለች፣ ቃል በቃል እየለየች፣ ለውጭ አገር ሰው እንደሚናገር ሰው። «ሦስት ሰዓት ላይ ከታች ያለው ድልድይ ድረስ መኪና ይመጣልሃል። ቤት ያደርስሃል። ብስክሌቱን እኛ እናመጣዋለን፣ አታስብ።»

በሠላሳ ዓመት ከዚህ ጉዞ በመኪና የተመለሰ ሰው የለም። ሰዓት ሠሪው እንኳ በብስክሌቱ ነው የተመለሰው።

«አልነገርሽኝም እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ምሳ ላይ። ኮፍያህን አድርግ ነው ያልሽኝ። ሁለት ጊዜ።»

«አባዬ፣ ትናንት በሰው ሁሉ ፊት ራስህ አመንክ እኮ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው ልጄ። ፊሽካውን እንዳታጪ ብዬ።»

ባሏን ዞር ብላ አየችው፣ «አየህ?» እንደማለት። ከዚያ ተመለሰች፤ ዐይኗ እንባ ሞልቷል፣ እውነተኛ እንባ። «ነግሬሃለሁ አባዬ። እንቁላሉን ስትልጥ ነው የነገርኩህ። "እሺ" ብለኸኛል። ባልነግርህ ኖሮ ሰው ሳልልክ እቀር ነበር? አንተን? ጫካ ውስጥ?»

ጋሼ ግራም ፊቷን አዩት። በሙያቸው ሁለት ዓይነት ነጋዴ ያውቃሉ። አንደኛው ሚዛኑን ያጎደለ ነው፤ እሱን በላብ ታውቀዋለህ፣ ትይዘዋለህ፣ ታሽግበታለህ። ሁለተኛው ሚዛኑ መጉደሉን የማያውቅ፣ ልቡ ንጹሕ፣ ፊትህ ቆሞ በልጆቹ የሚምል ነው። ከሁለተኛው ጋር ለመከራከር የሚያስፈልግህ ማኅተም ያለው ክብደት ነው። እሳቸው ያን ክብደት ትናንት ማታ በገዛ አፋቸው ወርውረውታል። ውሸቷን ይቅር ብለው አድረው ነበር፤ ለዚህ ግን የተዘጋጀ ይቅርታ አልነበራቸውም። አንድ ሌሊት አድራበት እውነት አድርጋዋለች።

«አንተስ?» አሉ ወደ በሩ። «መቼ ነው የደወልክላት? ምን አለችህ?»

አማቻቸው የበሩን እጀታ ፈተሸ፣ እንደሚጠግነው ሁሉ። «እኔ ምሳ ላይ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ነበርኩ ጋሼ» አለ። «የተባባላችሁትን አልሰማሁም።» ይህም እውነት ነው። ቃል አላጎደለም።

ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱና ልጃቸው በፍርሃት ስትጠብቅ አዩአት፤ ቁጣቸውንም እንደ በሽታ ልትጽፍባቸው ተዘጋጅታለች። አፋቸውን ዘጉ። ዝምታቸውንም ጻፈችው። ከውጭ ዳቦ ጋጋሪው ስለ ጎማው እየቀለደ ሰው ይስቃል፣ የመጀመሪያው ብስክሌት ጠጠሩን እየፈጨ ወደ ወንዙ ወረደ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ» አለች። «ነርሷ ጠይቂው ብላኝ ነው። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ጋሼ ግራም የተጠቀለለውን የሱሪያቸውን እግር አዩ። ባይመልሱ አላወቀም ይባላል። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው» ቢሉ ሸሸ ይባላል።

«አርብ» አሉ።

ልጃቸው ቀና ብላ ባሏን አየች። ባሏ ትንሽ አሰበና፣ አዎ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ጎሽ» አለች፣ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረገች። «ጎሽ፣ የኔ አባት።»